ሁለት ሜትር ከአሥር ጎደሎ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ደብተሬ፣ ለአንባቢዎቼ የማልጽፈውን ለአንቺ ልንገርሽ። ሳቂ፣ ግን አታሳጪኝ። ትናንት የመታጠቢያ ቤታችን መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ሻሼን እንኳ ሳላወልቅ ገላዬን ታጠብሁ። ምክንያቱ ራዳር ነው።

ከአጥራችን ማዶ ያለው የዘይት ፋብሪካ ታንኮቹ ላይ ራዳር ሊያስተክል ነው ሲባል ሰማሁ። ራዳር ማለት ለእኔ ደመና ሰንጥቆ አውሮፕላን የሚያይ ነገር ነው። አውሮፕላን ያየ ዓይን የቆርቆሮ መታጠቢያ ቤት ምን ያግደዋል? ዛሬ ጠዋት ተካዩን ባለሙያ በአጥሩ ቀዳዳ አገኘሁት። ሕዝቅኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጸጉሩን አንጨባሮ የሚሄድ።

«ወንድሜ፣ ያ ዕቃችሁ ወደ ጎን ያያል እንዴ?» አልሁት።

ብርድ ልብሱን አየው። እኔን አየኝ። «እህቴ፣ ወደ ታች ብቻ ነው የሚያየው። እሱም ዘይት ብቻ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ የቤታችንን ነገር ልድገምልሽ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለነው አባባና እኔ ነን። እኔ ባሕር ዳር ለሚታተመው መጽሔት በየሳምንቱ አንድ ገጽ የሰፈር ጨዋታ እጽፋለሁ። አባባ፣ ኢስሀቅ የሚባሉት፣ የፋብሪካው ለኪ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሱብሒ ሰግደው በመሰላሉ ታንክ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ጫፉ ላይ ቱምቢ የሚሉት የነሐስ ክብደት ያለበትን ሜትር ወደ ውስጥ ይለቃሉ። ቱምቢው ዘይቱን ሲነካ ቀጥ ያደርጉታል። ከክዳኑ አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለው ባዶ ቦታ፣ የእሳቸው ልኬት እሱ ነው። «ጎደሎ» ይሉታል። ዛሬ ሁለት ሜትር ጎደሎ፣ ነገ ሦስት ሜትር ጎደሎ።

ሞልቷል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አያቴ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ስንት ያዛችሁ ሲባሉ «ታንኳዋ ይሄን ያህል ይቀራታል» ነበር መልሳቸው። በረካ በአፍ ሲቆጠር ይሸሻል። አባባም ይህንኑ ታንክ ላይ ይዘውት ወጡ። «ሙላቱን አላህ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ጎደሎውን ነው» ይላሉ። ቢሮው የሚፈልገው ሙላቱን ስለሆነ፣ ከታንኩ ሥር በብየዳ መስመር የተሠራ ሰሌዳ አለ፤ አባባ ወርደው የጎደሎውን ያህል መስመር ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እየቆጠሩ በኖራ ምልክት ያደርጋሉ። ጸሐፊው የዘይቱን ከፍታ ከምልክቱ አጠገብ ካለው ቁጥር ያነባል። እሳቸው ቃል አልተናገሩም፤ በረካውም አልሸሸም።

የራሳቸው ደብተር ላይ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ስለማይነበብ። ሜትሩ ላይም ካቻምና በየአሥር ሳንቲሙ ክር ቋጥሬላቸዋለሁ። ለምልክት ያህል ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቸኩያለሁ። መጽሔቱ ገጼን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል፤ እኔ አንድ መስመር አልጻፍሁም፤ ታንክ ላይ ሰው ሳይ ዋልሁ።

የታንክ አንድ ጣሪያ ዛሬ ተበሳ። ሕዝቅኤል መሐሉን ትቶ ወደ ዳር ሲለካ አባባ ከታች ጮኹ። «መሐሉን ለምን ተውኸው?»

«ጣሪያው ጉልላት ነው አባቴ፤ መሐል ላይ ከተከልኩት ሞገዱ ተሰብስቦ ያምታታኛል።»

አባባ ሳቁ። «እኔስ ክዳኔን ለምን ዳር ያስቆረጥሁ ይመስልሃል? መሐሉ ያስተጋባል፤ ቱምቢዋ ዘይቱን ስትነካ አያሰማኝም።»

ሕዝቅኤል መሰርሰሪያውን አስቀምጦ አያቸው። ጁምዓ ደርሶ ሄድን።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ እኔም ወጣሁ! ደብተሩን ይዤ፣ በአባባ ኋላ። (ከኋላቸው የምወጣው ደረጃዎቹን ስለምፈራ ነው።) ከላይ ሆኜ ጣናን አየሁ፤ ጠዋት ላይ ውኃው እንደ ተወለወለ ትሪ ነው፤ የአጎቶቼ ጀልባዎች ትሪው ላይ የቀሩ ፍርፋሪ ይመስላሉ። አባባም ወደዚያው ዞረው ቆሙ። «ጀልባዎቹ ወጥተዋል?» አሉኝ። ወጥተዋል አልኋቸው።

ራዳሩን ነካሁት። አምስት ኪሎ የማይሞላ ዕቃ! ራሱ ሰማያዊ፣ ክዳን ያለው ድስት ይመስላል፤ ታቹ ነጭ፣ ድቡልቡል አፍንጫ። ይኸው ነው? አልሁ። ሕዝቅኤል ውኃ ልኩን አስቀምጦ፣ ብሎኖቹን አንዱን ጠበቅ፣ ማዶውን ጠበቅ እያደረገ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም እያባበለው ነገረኝ። ዘይቱን ሳይነካ ነው የሚለካው። ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ የዘይቱን ፊት መትቶ ይመለሳል፤ ዕቃው ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል።

«ሁለት ሜትር ደርሶ መልስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልሁት።

«አንድ ሴኮንድን ቢሊዮን ቦታ ቁረጪው። ከዚያ ውስጥ አሥራ ሦስቷን።»

መቁረጡ አቃተኝ። በሌላ አስረዳኝ አልሁት። «አንቺ ቢስሚላህ ብለሽ እስክትጨርሺ፣ ይሄ ሞገድ ከዚህ አዲስ አበባ ሦስት መቶ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል» አለኝ።

ጸጉሬ ቆመ። እኔ አንድ ጊዜ ለመሄድ መንገዱ ይከፈት አይከፈት እያልሁ ወር የምጠብቅ ሰው! ጨለማ ታንክ ውስጥ፣ ኑግ ዘይት ላይ፣ ማንም ሳያየው ብርሃን የመሰለ ነገር ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። አባባ መዳፋቸውን ጣሪያው ላይ አሳርፈው ያዳምጡ ነበር።

«ይሰማል እንዴ አባባ?»

«አይሰማም። ሱብሃነላህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «በጨለማ የሚያይ ነገር» አሉ።

አምስቱም ታንኮች የኅዳር ኑግ ከመራዊና ከመሸንቲ ከመግባቱ በፊት ይጨረሳሉ። ከዚያ በኋላ መሰላል የሚወጣ ሰው አያስፈልግም። ይህን ማንም ጮኾ አልተናገረም፤ ግን አባባ ሲወርዱ ደረጃዎቹን እየቆጠሩ ነበር፤ እንደወትሮው በልባቸው ሳይሆን በአፋቸው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሐፍሳ ሱቅ ዋልሁ፤ ቀሚሴን ልታጠብብልኝ። ልብስ ሰፊዋን ሐፍሳን ገና አታውቂያትም፤ የስፌት መኪናዋና ምላሷ በአንድ ፔዳል ነው የሚሠሩ። ባሏ የፋብሪካው ሹፌር ነው።

«አንቺ፣ አባትሽ እንዴት ነው ያን ሁሉ መሰላል እስካሁን የሚወጡት? ወላሂ እኔ እንኳ ያዞረኛል» አለችኝ።

ስለዚህም ስለዚያም ተጫወትን። ስለ አባባ እጆች ነገርኋት፤ እንዴት ያለ እጅ እንዳላቸው፣ ሜትሩ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች እንዴት እንደሚዳስሱ። በማድነቅ ነው የነገርኋት። ብዙም አላወራሁም።

ቀሚሱ አሁን ጠበበ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ የታንክ አንድ ራዳር ተከፈተ። የታንኩ ሥር ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ቁጥር ብልጭ ብሎ ወጣባት። ወይዘሮ አገርነሽ፣ ሥራ አስኪያጇ፣ ባለፈው ዓመት የመጣች ፈጣን ሴት ናት፤ አጨበጨበች። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔማ እንባዬ መጣ፤ ዕቃው መጀመሪያ ዓይኑን ሲገልጥ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ጸሐፊው የአባባን የኖራ ምልክት አነበበ። አምስት ሜትር ከሃምሳ።

መስታወቷ ላይ አምስት ሜትር ከዘጠና ይላል።

አጨበጨብን ብዬሻለሁ? እጃችን እዚያው አየር ላይ ቀረ። አርባ ሳንቲም። አባባ ቢስቱ ቢስቱ አንድ ጣት ያህል ነው፤ አርባ ሳንቲም ክንድ ነው!

«ዕቃው አዲስ ነው፤ ይስተካከላል» አለች አገርነሽ። ሕዝቅኤል ግን ራሱን ነቀነቀ። «የሚመለሰው ሞገድ ንጹሕ ነው። ሚሊሜትር ነው የሚስተው እንጂ ክንድ አይስትም።»

አባባ፣ «ልዩነት አለ ጋሽ ኢስሀቅ» ሲሏቸው «ይሆናል» ብለው ኖራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አባባ ከጓሮ ናቸው። ቱምቢውን ጉድጓዳችን ውስጥ ይለቃሉ፣ ይስባሉ፣ ቋጠሮውን ይዳስሳሉ፣ ደግመው ይለቃሉ። ሰባት ጊዜ ቆጠርሁ። «ስንት መጣ?» አልኋቸው በመስኮት። «ያው ነው» አሉ። ግን ስምንተኛ ለቀቁት።

ክሮቹን እኔ ነኝ የቋጠርሁ። አሳስቼ ቢሆንስ? ሜትሩን ሰርቄ አየሁት። ልክ ነው። ታዲያ... አይ። አልጽፈውም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ተጠራን። ሁለታችንም። 

አገርነሽ በመልካም ጀመረች፤ ሻይ አዘዘች። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ አባባ ገፋ አደረገች። «ጋሽ ኢስሀቅ፣ እስቲ ይችን ያንብቡልኝ።»

አባባ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ መልሰው አራቁ። «መነጽሬን ረስቼ» አሉ። አባባ መነጽር ኖሯቸው አያውቅም።

«ይቅርታዎን፤ ዓይንዎ እንደ ደከመ፣ ሜትሩን በዳሰሳ እንደሚያነቡት ሰማን።»

«ማን ነገራችሁ?» ብዬ ጮኽሁ። ከእሳቸው በፊት እኔ ነኝ የጮኽሁ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ግን ትንሽ ወደ ጎን አረፈ፤ ትከሻዬ ላይ።

ይህ ብቻ ቢሆን! የአባባን ደብተር አምጡ አለች፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንዳልመስል ሰጠኋት። ገለጠችው። ሽፋኑን አነበበች፤ ቀለሟ ተለወጠ። ለአባባ የቀረ ስም ካለ ያን ጊዜ ሄደ።

ደብተሬ፣ ሽፋኑ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አባባ «ጎደሎ» ብለሽ ጻፊ ሲሉኝ ቃሉ የገጠር መስሎኝ፣ የጸሐፊነቴ ክብር ተነክቶብኝ፣ በትልልቅ ፊደል «የታንክ አንድ ጉድለት» ብዬ አሳመርሁት። በየገጹም፤ ጉድለት ይሄን ያህል፣ ጉድለት ያን ያህል። ባለ ቢሮ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያነባል?

«በየቀኑ ይጎድላል ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ። «እናንተም ትጽፉታላችሁ?»

አስረዳኋት። ባዶ ቦታው ነው አልኋት፤ አያቴን፣ ታንኳውን፣ በረካውን ነገርኋት፤ ስቸኩል ሁሉንም አንድ ላይ ነገርኋትና የባሰ ውሸት መሰለ። ከመጋዘን በኩል ያለው ሰውዬ ወረቀት ላይ አባዝቶ፣ «ልዩነቱ በዚህ ታንክ አሥራ አንድ ሺህ ሊትር ነው። ያለውን አሳንሶ የሚያስመዘግብ ሰው ትርፉን ለምን እንደሚፈልገው...» አለና አገርነሽ ስታፈጥበት ንግግሩን አቋረጠ።

አባባ መሰላል እንዳይወጡ ታገዱ። ለኅዳር 4 ኮሚቴ ይቀመጣል። በምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚሰናበቱ ያን ቀን ይወሰናል፤ በምስጋና ወይስ በሌላ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ገበያ ሄድሁ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴትዮ፣ «አሥራ አንድ ሺህ ሊትር! ሰውዬው ይታጠቡበት ነበር?» ስትል ሰማሁ። ስታየኝ አንድ ቲማቲም ጨመረችልኝ። ምራቂው ነው ያቃጠለኝ።

ሐፍሳ ሱቅ ደጃፍ አለፍሁ። ወጣችና፣ «እቱ፣ እኔ ለባሌ ብቻ ነው ያልሁት፤ እሱም ለጓደኛው ብቻ» አለችኝ። ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። እሷም ከማን እንደሰማችው አልነገረችኝም። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ሰው ምላሱን ልክ እንደ አባባ ቱምቢ ቀጥ የሚያደርግበት እጅ ቢኖረው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አባባ በሱብሒ ይነሣሉ፤ ይሰግዳሉ፤ ጫማቸውን ያደርጋሉ፤ አጥሩ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ እግር።

«ዓይኔ ነው ኢልሃሜ» አሉኝ ዛሬ፣ ድንገት። «ምን አሉ?» አልኋቸው፤ ሰምቻለሁ። «ምንም» አሉ።

ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ የሚያነሡ ሐኪሞች መጥተው ነበር። «እኔ ምን ሆኜ» ብለው ቀሩ። እኔም ምን ሆነው ብዬ አብሬ ቀረሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ተቀመጪ ደብተሬ። ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኮሚቴው ለአራት ሰዓት ነበር። እኔ በሁለት ሰዓት፣ የአምናውን ደብተር በሻሼ ጠቅልዬ ሕዝቅኤልን ፍለጋ ሄድሁ። ታንክ ሦስት ሥር ጋስኬት የሚሉትን የማሸጊያ ላስቲክ ሲቆርጥ አገኘሁት።

«የቃል ስህተት ነው፤ ቃሉ የኔ ነው» አልሁት። «እሳቸው ጉድለት ብለው አያውቁም።»

«እኔ እኮ የቃሉ ነገር አልገባኝም። ታዲያ ምንድን ነው የሚለኩት?»

«ከክዳኑ አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ባዶ ነዋ! ጎደሎውን።»

መቀሱን ለቀቀው። «ባዶውን? ዘይቱን አይደለም?»

«ዘይቱንማ አፋቸው ላይ አያወጡትም።»

«ቆይ ቆይ ቆይ» አለ። ስልኩን አወጣ፤ ያ ራዳር ለካ በስልክ ይነጋገራል። «ባዶ ነው እንዴ የሚለኩት... እኔ ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ነው ያየሁት... ጥቅምት 19 ስንት ነበር ያስጻፉሽ?»

ያ ደብተር ቢሮ ተይዟል። ግን ያን ቁጥር እንዴት እረሳዋለሁ? «ሁለት ሜትር ከአሥር።»

ስልኩ ላይ ያሉትን ቀኖች ወደ ኋላ ገፋ፤ ጥቅምት 25፣ 22፣ 19። ቆመ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ቀረ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

ሁለት ሜትር፣ አሥር ሳንቲም፣ ሦስት ሚሊ።

«ኧረ በናትሽ!» አለ። «ማሽኑም ጎደሎ ነው የሚለካው! ራዳር ሌላ ምንም አያውቅም፤ ከራሱ እስከ ዘይቱ ያለውን ባዶ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሙላቱን እኮ እኛ ነን ቀንሰን የምናወጣው!»

የጋስኬቱ ጥቅል ላይ ተቀመጥሁ። ዓይን የሌለው ዕቃ፣ ዓይናቸው የ... ዓይናቸው የደከመ ሰው፣ አንዱ በብርሃን ፍጥነት፣ አንዱ በቋጠሮ ክር፣ በሦስት ሚሊ ተቀራርበው ቆመዋል። ሦስት ሚሊ! የስንዴ ፍሬ ወርድ። ይህን ያደረገ ጌታ ምን አይሳነውም አልሁ።

«ታዲያ አርባው ከየት መጣ?» አልሁት።

ፊቱ ቀላ። «ከምን ላይ እንደሚቀንስ ለዕቃው የነገርኩት እኔ ነኝ። የታንኩን ቁመት። ታንኩ ላይ ከተለጠፈው የብረት ታርጋ ነው የወሰድኩት፤ ስምንት ሜትር ይላል። አባትሽን ጥሪያቸው።»

አባባ መጡ፤ አገርነሽና ኮሚቴውም መጡ። ሁላችንም ታንክ አንድ ሥር ቆምን። ሕዝቅኤል ጠየቃቸው፦ «አባቴ፣ ይሄ ታንክ ቁመቱ ስንት ነው?»

«የቱን ቁመት? የተወለደበትን ወይስ የዛሬውን?»

«ልዩነት አለው?»

«የተወለደ ዕለት ስምንት ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወለሉን ዝገት በላው፤ ያንጠባጥብ ጀመር። አሸዋ ገባበት፣ በላዩ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ወለሉ አርባ ሳንቲም ወደ ላይ ተነሣ። አሸዋውን የረገጥሁት በነዚህ እግሮቼ ነው። ሰሌዳው ያኔ ነው የተሠራው።»

 «እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሮ የለም» አለች አገርነሽ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጋሽ ኢስሀቅ፣ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ልዩነት አለ አላችሁኝ። ስንት እንደሆነ እንኳ አልነገራችሁኝም።» ኮፊያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «እኔ ዓይኔ መስሎኝ ነው። ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጄም ተከትሎት የሄደ መሰለኝ።»

ይህን ነው በሰው ሁሉ ፊት ያሉት። ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ቤት ሆነን ያልተባባልነውን።

አገርነሽ አላመነችም አልልም፤ ግን ሰው ነገር በእጁ ሲይዝ ይሻለዋል። እሷ፣ ሕዝቅኤልና አባባ ወጡ፤ እኔም ተከተልሁ። አባባ ቱምቢውን ሰጧት። «ዛሬ ዘይቱ ላይ አታቁሚው፤ ልቀቂው። ወለሉን ራሱን ጠይቂው።»

ለቀቀችው። ሜትሩ በእጇ ውስጥ ሲሄድ፣ ሲሄድ... ቀጥ አለ። ጎተተችው፤ የኑግ ዘይት እጅጌዋን እስከ ክርኗ አራሰው። እኔ የቋጠርኋቸውን ክሮች አንድ በአንድ ቆጠረች።

«ሰባት ሜትር ከስልሳ» አለች።

ሕዝቅኤል ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፤ ስምንቱን አጥፍቶ ሰባት ከስልሳ አስገባ። ከታች ጸሐፊው የመስታወቷን ቁጥር እየጮኸ አነበበልን። ሜትሩ ላይ ዘይት ከነካው ርዝመት ጋር አንድ ሆነ። ከታች ጭብጨባ ሰማሁ፤ ይህኛው አየር ላይ አልቀረም።

አገርነሽ ጎንበስ ብላ፣ «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ኢስሀቅ» አለች።

«ተዪው፤ እጅጌሽ ከፍሏል» አሏት።

ከዚያ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ራዳሩን ፈለጉት። ሕዝቅኤል እጃቸውን ይዞ ሰማያዊ ራሱ ላይ አሳረፈላቸው። «ይሄም ጎደሎውን ነው የሚለካ?»

«አዎ አባቴ። ሙላቱን አያውቅም።»

አባባ ዕቃውን እንደ ልጅ ራስ ደባበሱት። «አደብ ያለው ነው» አሉ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አጭር ላድርገው፤ ቤቱ እንግዳ ሞልቷል። (ሞልቷል አልሁ፤ አባባ እንዳይሰሙኝ።)

ደብዳቤው የምስጋና ሆነ። አባባ ግን ገና አልተሰናበቱም፤ የቀሩት አራት ታንኮች ወለል ታሪክ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ታንክ አራት ጠመም ብሎ እንደ ተቀመጠ፣ ታንክ ሁለት ውስጡ የተረሳ መሰላል እንዳለው፣ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ሕዝቅኤል አፉን ከፍቶ ይሰማል። ሽፋኑ ላይ «ጎደሎ» ብዬ ጻፍሁ።

ሐፍሳ ቀሚሴን በነጻ አስፍታ ላከችልኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አባባ ራሳቸው ነው ያሉት፤ ቁርስ ላይ። «ሞራውን ላስነሣው።»  «ዕቃው ቦታዬን ከያዘ እኔም ዓይኔን ልያዝ እንጂ» ብለው ሳቁ። ሐኪሞቹ ዘንድሮም መጥተዋል፤ የአንዱ ዓይን ተራቸው ነገ ነው፤ ጨርቁ አንድ ሌሊት ያድርና ዓርብ ጠዋት ይነሣል።

ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ራዳሩ ያወሩ ነበር። የላከው ሞገድ ወደ ራሱ እንደሚመለስለት በጣም ገርሟቸዋል። «ወሬም እንደዚሁ ነው ኢልሃሜ» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ። «የትም ቢዞር፣ የላከው ሰው ቤት ሳይጠፋው ነው የሚመለስ።»

ለምን እንዳሉኝ አላውቅም። ሽንኩርቱን ከተፍሁ። የዘንድሮ ሽንኩርት ዓይን ያቃጥላል።

...ተነሥቼ ተመለስሁ። አውቃለሁ እንጂ፤ ለምን አላውቅም እላለሁ? ሳያውቁ የቀሩ መስሎኝ ነበር። ሐፍሳ ሱቅ ስለ እጃቸው ሳወራ በማድነቅ ነው ብዬሻለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሐፍሳ ዓይኗን ስታፈጥልኝ ደስ ብሎኝ ጨመርሁበት፤ ወረቀት እንደማያነቡ፣ ደብተሩን ለምን እኔ እንደምጽፍ፣ መሰላሉ ላይ ለምን ከኋላቸው እንደምወጣ። ጨዋታ ደራልኝ። ለጨዋታ ነው አባቴን የሸጥሁ።

ነገ ማታ ጨርቁ ዓይናቸው ላይ እያለ እነግራቸዋለሁ። ሲያዩኝ አልችልም፤ ዓርብ ደግሞ ያዩኛል። ምን እንደሚሉኝ፣ ጨርቁ ሲነሣም መጀመሪያ ወዴት እንደሚያዩ፣ ወደ ሐይቁ ይሁን ወደ ታንኩ ወይስ ወደ እኔ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚህ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ሳላሳምር፣ ጎደሎውን ጎደሎ ብዬ።